ጌብልና ሎምባርድ፦ ሦስት ቀን የማያስጠብቅ ከተማ ፍለጋ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮው ሆሊውድ ጥንዶች ከሚደርሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ክላርክ ጌብልና ካሮል ሎምባርድ ናቸው። ተመሳሳዮቹን እያጠቃለልን ሰባት መርጠናል። ዘመኑ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የሁለቱ ጋብቻ ስቱዲዮው ለማስታወቂያ ያቀነባበረው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም። ፍቅሩን ስቱዲዮው አላመጣውም፤ ያስቸኮለው ሠርጉን ነው። እንዲያውም እስከ 1939 መባቻ ድረስ የጌብል ስቱዲዮ ኤምጂኤም የሚመርጠው ነገሩ ተድበስብሶ እንዲቆይ ነበር።

ሁለቱ አብረው የተወኑት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1932 ለፓራማውንት በተሠራ ፊልም። ያኔ ሎምባርድ የተዋናዩ የዊልያም ፓወል ሚስት ነበረች፤ ጌብልም ባለትዳር ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ ለስንብት የሰጠችው ስጦታ የገዛ ፎቶው የተለጠፈበት የአሳማ ታፋ ነው። ቀልዱ የሚገባው «ሃም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከአሳማው ታፋ ሌላ ትወና የሚያጋንን ተዋናይንም እንደሚጠራ ላወቀ ሰው ነው። «ታበዛዋለህ» ብላዋለች ማለት ነው። ከዚያ በየፊናቸው ሄዱ፤ እሷም በ1933 ከፓወል ጋር በሰላም ተፋታች።

ፍቅር የተጀመረው በ1936 መጀመሪያ፣ ሎምባርድ አስተናጋጅ በሆነችበት የሜይፌር ክለብ የዳንስ ምሽት ላይ ነው። የዚያን ዓመት የፍቅረኞች ቀን ሲደርስ ያረጀ ፎርድ ገዝታ፣ በቀይ የልብ ሥዕል አስውባ ላከችለት። ሴትየዋ በዚህ መንገድ ነበር ፍቅር የምትገልጸው።

እንቅፋቱ ጌብል ከሚስቱ ከሪያ ላንግሃም ተለይቶ ይኑር እንጂ አለመፋታቱ ነው። ሦስት ዓመት እንዲሁ ተገፋ። በጃንዋሪ 1939 ግን «ፎቶፕሌይ» የተባለው የፊልም መጽሔት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ኮከቦችን በስም ዘርዝሮ አወጣ። ጌብልና ሎምባርድ፣ ሮበርት ቴይለርና ባርባራ ስታንዊክ፣ ቻርሊ ቻፕሊንና ፖሌት ጎዳርድ ከተጠቀሱት መካከል ነበሩ። ተራ ሐሜተኛ ጽፎት ቢሆን በተስተባበለ ነበር፤ ይህ ግን ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው ፎቶና ወሬ የሚያቀብሉት መጽሔት ነው። የሆነውን ከቀኖቹ ማንበብ ይቻላል፦ ጌብል በማርች ተፋታ፣ በዚያው በማርች አገባ፤ ቴይለርና ስታንዊክ በሜይ ተጋቡ። ሁለቱም ወንዶች የኤምጂኤም ሰዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሰው ከፈለገው ጋር ቢኖር ስቱዲዮውን ምን አገባው? (ከደሴ)

መልስ፦ የሚያገባው በውሉ ነው። በ1930ዎቹ የኮከብ ኮንትራት ብዙውን ጊዜ የሰባት ዓመት ነበር፤ ሰባት ዓመት የሚታሰረው ግን ተዋናዩ እንጂ ስቱዲዮው አይደለም። በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ «ይቀጥል» ወይም «ይብቃ» የማለት መብት የስቱዲዮው ብቻ ነው። ደመወዙ በዓመት ለ40 ሳምንት ይከፈላል፤ የቀረው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው። የተሰጠውን ፊልም አልሠራም ያለ ተዋናይ ይታገዳል፤ የታገደበት ጊዜም በውሉ መጨረሻ ላይ ይደመርበታል። በዚህ ስሌት ሰባቱ ዓመት እንደ ጎማ ይለጠጥ ነበር። ተዋናይቷ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ስቱዲዮዋን ዋርነር ብራዘርስን ከስሳ በ1944 በካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስትረታ ነው መለጠጡ የቆመው።

የሥነ ምግባር አንቀጽ የሚባለው በዚሁ ውል ውስጥ ያለ ነው። የመጣው በ1921 ኮሜዲያኑ ሮስኮ አርበክል በአንዲት ወጣት ተዋናይት ሞት ከተከሰሰ በኋላ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ነፃ ቢለቀውም ሥራው ከዚያ በኋላ አላገገመም። ስቱዲዮዎቹ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «ተዋናዩ ሲዋረድ ያላለቀው ፊልማችንም አብሮት ይዋረዳል» የሚል ነው። ስለዚህ ተዋናዩ ሕዝብን የሚያስቆጣ ወይም ስሙን ለነቀፌታ የሚዳርግ ነገር ከሠራ ውሉን ለማፍረስ የሚያስችል አንቀጽ አስገቡ። ብዙ ጊዜ አንቀጹን መጥቀስ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ መኖሩ ይበቃ ነበር። ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ሲጠብቅና የካቶሊክ ማኅበራት ፊልም አትዩ የሚል ዘመቻ ሲጀምሩ ፍርሃቱ ባሰ።

ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ለመረዳት ተዋናይቷን ሎሬታ ያንግን ማየት ነው። በ1935 ከጌብል ያረገዘቻትን ልጅ ከሰው ዓይን ተሰውራ ወለደች፤ ቆይታም የራሷን ልጅ በማደጎ እንደወሰደች አድርጋ ለዓለም አሳየች። ልጅቷ አባቷ ማን እንደሆነ ሳይነገራት አደገች። እነዚያን ዓመታት «ወርቃማው ዘመን» ብሎ ለሚናፍቅ ሰው ይህ ቢታወስ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ለመጋባት አሪዞና ድረስ መንዳት ምን የሚሉት ነው? የፍቅር እብደት ነው ወይስ ምክንያት ነበረው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ምክንያት ነበረው፤ ያውም ሁለት ሕጎች።

የመጀመሪያው የፍቺ ሕግ ነው። በካሊፎርኒያ ለመፋታት የከሰሰ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጊዜያዊ ውሳኔ ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለሚሰጥ በመካከሉ ሌላ ማግባት አይቻልም። የጌብል ፍቺ በሎስ አንጀለስ ታይቶ ቢሆን ሠርጉ ወደ 1940 ይገፋ ነበር። ኔቫዳ ግን በ1931 ሕጓን አላልታ ስድስት ሳምንት የተቀመጠን ሰው ሁሉ እንደ ነዋሪ ቆጥራ ታፋታ ጀመር፤ ውሳኔውም በዚያው ቀን የጸና ነው። ስለዚህ ሪያ ላስ ቬጋስ ሄዳ ስድስት ሳምንቷን ቆጠረች፤ በማርች 1939 መጀመሪያ ወረቀቱ በእጇ ገባ። እስከዚያ የፍቺ ከተማ ስትባል የኖረችው ሬኖ ነበረች። ለላስ ቬጋስ የጌብል ሚስት መምጣት እንደ ሎተሪ ነበር፤ ከተማዋም ወሬውን ለማስታወቂያ ተጠቀመችበት።

ሁለተኛው የጋብቻ ሕግ ነው። ከ1927 ጀምሮ በካሊፎርኒያ መጋባት የፈለጉ ጥንዶች ማመልከቻ አስገብተው ሦስት ቀን መጠበቅ ነበረባቸው። ሕዝቡ «የጂን ሕግ» ይለው ነበር፤ ማታ ጂን በተባለው መጠጥ ሞቅ ብሏቸው የተዋደዱ ጠዋት ራሳቸውን ተጋብተው እንዳያገኙት ነው። ለተራው ሰው ሦስት ቀን ምንም አይደለም። ለጌብል ግን ስሙ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ይውላል ማለት ነው፤ በየማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ መዝገብ እያገላበጠ የሚውል ጋዜጠኛ አይጠፋም። አሪዞና አታስጠብቅም።

ታዲያ በአሪዞና ለምን ኪንግማን? ለሆሊውድ ሰው ቅርቧ ዩማ ነበረች፤ ግን ኮከቦች ተሸሽገው የሚጋቡባት ከተማ እሷ መሆኗን አገር ያውቃል። የፍቺው ወሬ ገና ያልበረደባት ላስ ቬጋስም አትታሰብም። ኪንግማን የባቡር ጣቢያና 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ማንም አይጠብቃቸውም።

የቀረው ቀን መምረጥ ነው። ጌብል በዚያ ወር የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ቀረጻ ላይ ነበር። (የኛ አንባቢ ልብ ወለዱን የሚያውቀው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ በተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው።) ማርች 29 ካሜራው ፊት አይፈለግም ነበር፤ የሆሊውድ ጋዜጠኞችም ለአንድ ፊልም ምረቃ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደዋል። ጌብል፣ ሎምባርድና የኤምጂኤም የማስታወቂያ ሠራተኛ የሆነው ኦቶ ዊንክለር በማለዳ ተነሡ። የተሄደው በዊንክለር መኪና ነው፤ የጌብልን መኪና ማን የማያውቀው አለ! ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ከሰዓት በኋላ ኪንግማን ገቡ፣ ፈቃድ አወጡ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ኬኔት ኤንግል አጋቧቸው። ሙሽራይቱ ቬሎ የለ፣ ምን የለ፤ አይሪን የተባለችው የሆሊውድ የልብስ ንድፍ ባለሙያ የሠራችላትን ግራጫ የሱፍ ልብስ ለብሳለች። ሾፌሩ ዊንክለር ሚዜም ሆነ። ድግስ የለ፣ ቅልቅል የለ፤ መልሳቸው ያንኑ መንገድ በሌሊት መመለስ ሆነ። በማግስቱ ጋዜጠኞች ቤል ኤር ወደሚገኘው የሎምባርድ ቤት ተጠሩ፤ ጥንዶቹ እንቅልፍ ባጣ ፊት ፈገግ ብለው ፎቶ ተነሡ። ስቱዲዮው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ወሬውን ማንም ሳይቀድመው ራሱ አወጣው።

ጥያቄ፦ ፍቺው ስንት ፈጀበት? ከሁለቱስ ሀብታሙ ማን ነበር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለሪያ የተከፈለው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ይጠቀሳል። ጌብል በጊዜው ትልቁ ኮከብ ቢሆንም ይህን ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ዋና ወንድ ገጸ ባሕርይ ሬት በትለርን እንዲጫወት የተጠየቀውም በዚህ መሐል ነው። ገጸ ባሕርዩን አንባቢ ሁሉ በየልቡ ስሎታል ብሎ ስለፈራ ሊሠራው አልፈለገም። ኤምጂኤም ግን ሊያከራየው ቆርጧል፤ ለፕሮዲዩሰሩ ለዴቪድ ሴልዝኒክ ጌብልንና 1.25 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ የማከፋፈሉን መብትና የትርፉን እኩሌታ ይወስዳል። ጌብልን ለማባበል ጉርሻ ተጨመረለት፤ ጉርሻውም ለፍቺው ሒሳብ ደረሰ። ለ71 ቀን ሥራ 120 ሺህ ዶላር ሲያገኝ፣ 125 ቀን የሠራችው የፊልሙ ዋና ተዋናይት ቪቪየን ሊ 25 ሺህ እንዳገኘች ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሀብታሟ ግን ሎምባርድ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1937 ያገኘችው ወደ 450 ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደመወዝ ያኔ በዓመት 75 ሺህ ነው። ከፓራማውንት ጋር የነበራት ውል ሲያልቅ ለአንድ ስቱዲዮ መታሰሩን ትታ በየፊልሙ መዋዋል ጀመረች፤ ይህን የደፈሩ ኮከቦች ያኔ ጥቂት ነበሩ። «ፍልቅልቋ ቀልደኛ» እያሉ የሚጽፉላት ሰዎች ይህን ጎኗን ይዘሉታል። ውሏን መስመር በመስመር የምታነብ ሴት ነበረች።

ቤቱንም የገዛችው እሷ ናት። ኢንሲኖ በሚባለው አካባቢ ከዳይሬክተሩ ራኡል ዋልሽ በ50 ሺህ ዶላር የተገዛ፣ 8 ሄክታር ገደማ መሬት ያለው፣ የብርቱካን ዛፍ የሞላበት ግቢ ነው። ዶሮ አረቡ፣ ፈረስ አስቀመጡ። እሷ «ፓ»፣ እሱ «ማ» እየተባባሉ ይጠራሩ ነበር፤ እሱ አደን ስለሚወድ ተኩስ ተማረች። ልጅ ፈለጉ፣ አልሆነላቸውም።

ጥያቄ፦ ስለ ሁለቱ በ1976 የተሠራ ፊልም አይቻለሁ። ሎምባርድ የሞተችበት አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ጌብል የወታደር ልብስ ለብሷል። ያኔ ወታደር ነበር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልነበረም፤ ፊልሙ ተሳስቷል። አደጋው የደረሰው በጃንዋሪ 16፣ 1942 ነው። ጌብል የተመዘገበው በኦገስት 12፣ 1942 ነው፤ ከሰባት ወር በኋላ፣ በ41 ዓመቱ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምክንያቱም አብሮ ይገለበጣል፤ ወደ ጦር ሠራዊቱ የገፋው ሐዘኑ ነበርና።

የበረራውን ነገር ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ሰፋ አድርገን እንጻፈው። ሎምባርድ ወደ ትውልድ ግዛቷ ወደ ኢንዲያና የሄደችው የጦርነት ቦንድ ለመሸጥ ነው። ጃንዋሪ 15 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠች፤ የታቀደው ግማሽ ሚሊዮን ነበር። ለመመለስ የተያዘው ባቡር ነው። እሷ ቸኮለች፤ እናቷና አብሯቸው የነበረው ዊንክለር (ያው የኪንግማኑ ሚዜ) አውሮፕላኑን አልወደዱትም። ሳንቲም ተጣለ ይባላል፤ እሷ አሸነፈች።

አውሮፕላኑ የቲደብሊውኤ አየር መንገድ ዲሲ-3 ነበር፤ በየከተማው እያረፈ ይሄዳል። አልበከርኪ ላይ ለጦር አየር ኃይል አባላት መቀመጫ እንዲለቁ ተጠየቁ፤ እሷም የመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ ብላ ተከራክራ ቀረች። ነዳጅ ሊሞላ የታሰበው ቦልደር ሲቲ ላይ ነበር። ሲመሽ ግን የቦልደር መንደርደሪያ መብራት ስላልነበረው ላስ ቬጋስ ላይ አረፈ። ስህተቱ የገባው እዚህ ነው። በበረራ ዕቅዱ ላይ የሰፈረው 218 ዲግሪ ከቦልደር ሲነሡ የሚያስኬድ አቅጣጫ ነው። ከላስ ቬጋስ ተነሥቶ ያንኑ የያዘ ሰው ቀጥታ ወደ ፖቶሲ ተራራ ይሄዳል። ከምሽቱ 1፡07 ተነሡ፤ 1፡20 ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ጋር ተላተሙ። የተሳፈሩት 22 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ 15ቱ የጦር አየር ኃይል ሰዎች ነበሩ። ሎምባርድ 33 ዓመቷ ነበር።

«የጃፓን አውሮፕላን ተፈርቶ መብራት ስለጠፋ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ለአብራሪዎች ተራራውን የሚያመለክቱት መብራቶች በጦርነቱ ምክንያት ጠፍተዋል። ይሁንና የሬዲዮው መሪ ምልክት ይሠራ ነበር፤ የአየር ጠባዩም ጥሩ ነበር። መርማሪው ቦርድ ዋናው ምክንያት ብሎ የጻፈው አብራሪው ያሉትን የአቅጣጫ መሣሪያዎች ተጠቅሞ ትክክለኛውን መስመር አለመያዙን ነው።

ጌብል ላስ ቬጋስ ደርሶ ተራራውን ልውጣ ቢል ከለከሉት። በረዶው ወገብ የሚደርስ ነበር፤ የፈላጊዎቹ ቡድን እስኪመለስ ኤል ራንቾ ቬጋስ ሆቴል ሆኖ ጠበቀ። ሠራዊቱን ከተቀላቀለ በኋላ እንግሊዝ አገር ፖልብሩክ ከሰፈረው 351ኛ የቦምብ ጣይ ቡድን ጋር በ1943 አምስት የውጊያ በረራ አደረገ፤ ሥራው ስለ አውሮፕላን መትረየስ ተኳሾች ፊልም መቅረጽ ነበር።

ጥያቄ፦ ጌብል አምስት ጊዜ አግብቶ እንዴት ከሦስተኛዋ ጎን ተቀበረ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ቦታው በ1942 የተዘጋጀ ስለነበረ ነው። ሎምባርድና እናቷ ግሌንዴል በሚገኘው ፎረስት ላውን መካነ መቃብር ሲያርፉ አጠገባቸው ለእሱ ተይዟል። የእሷ ድንጋይ ላይ «ካሮል ሎምባርድ ጌብል» ተብሎ ተጽፏል። በ1949 ያገባት ሲልቪያ አሽሊ በ1952 ተፋታችው። በ1955 ያገባት ኬይ ዊልያምስ ግን በኖቬምበር 16፣ 1960 ሲሞት ሚስቱም፣ ነፍሰ ጡርም ነበረች፤ ወንድ ልጁ የተወለደው አባቱ ካረፈ ከአራት ወር በኋላ ነው። ባሏን ከሌላዋ ጎን እንዲያርፍ መፍቀድ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ፈቀደች።

ጥያቄ፦ ፊልሞቻቸውን ማየት እፈልጋለሁ። ከየትኛው ልጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለሎምባርድ ከ«ማይ ማን ጎድፍሪ» ይጀምሩ፤ የ1936 ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። አብሯት የሚሠራው የተፋታችው ዊልያም ፓወል ነው፤ ተፋተው እንዲህ መሣቅ የሚችሉ ጥንዶች ብርቅ ናቸው። የባለቤትነት መብቱ ስላልታደሰ በነፃ ይገኛል። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል፤ ማንም እየገለበጠ ስለሚበትነው ምስሉ የደበዘዘ፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ቅጂ በዝቷል። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ በመብራት የተጻፉት ስሞች በወንዙ ዳር ፎቆች ላይ ጥርት ብለው ካልተነበቡ ትተው ሌላ ቅጂ ይፈልጉ። ቀለም ከወደዱ የ1937ቱ «ናቲንግ ሴክርድ» አለ፤ ብቸኛው ባለ ቀለም ፊልሟ ነው።

የመጨረሻዋ «ቱ ቢ ኦር ናት ቱ ቢ» ለሕዝብ የቀረበው ከሞተች በኋላ ነው። «አውሮፕላን ላይ ሆኖ ምን ይደርሳል?» የሚል ንግግሯ ተቆርጦ ወጥቷል።

ለጌብል የ1934ቱን «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ይዩ፤ ኦስካር ያገኘበት ነው፤ የተሠራውም ኤምጂኤም ለኮሎምቢያ ስቱዲዮ አከራይቶት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ከፈለጉ ያለው «ኖ ማን ኦቭ ኸር ኦውን» ብቻ ነው። ሲፈልጉ ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱ፤ በ1950 በዚሁ ርዕስ ሌላ ፊልም ተሠርቷል። ማስታወቂያው ላይ ባርባራ ስታንዊክን ካዩ የተሳሳተው ላይ ነዎት፤ የሚፈልጉት የ1932ቱን ነው።